የሙገር ቀይ ድንጋይ የገበሬውን ዓይን ይሻል

በሙገር፣ በጀማና በዓባይ ሸለቆዎች ዳር የሚኖር ገበሬ ከደጋው ማሳ ተነሥቶ ወደ ቆላው ሲወርድ የሚረግጠው ድንጋይ ቀለሙንና ዓይነቱን አምስት ስድስት ጊዜ ይለውጣል። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ አለ። ከሥሩ ገደሉን ቀጥ አድርጎ ያቆመው የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል። ቀጥሎ ዝናብ በቀላሉ የሚሸረሽረው ቀይና ወይን ጠጅ መልክ ያለው የጭቃ ድንጋይ ይገኛል። ከዚያ በታች ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ጀሶ ያለበት ክፍልና እንደገና ሌላ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል።

ገበሬው እነዚህን ድንጋዮች የሚያውቃቸው በጥቅማቸው ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ለእርከንና ለካብ ይሆናል። የአሸዋው ድንጋይ ተጠርቦ ለግንብ ይውላል። የኖራው ድንጋይ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ነው። ጀሶውም ገበያ አለው። ቀዩ የጭቃ ድንጋይ ግን ለቤትም ለካብም አይሆንም። ክረምት ሲገባ ይለሰልሳል፤ ይንሸራተታል፤ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል። ስለዚህም ብዙ ሰው የማይረባ መሬት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ይሁን እንጂ የሥነ ምድር ሊቃውንት የሙገር ጭቃ ድንጋይ ብለው የሚጠሩት ይህ ክፍል በውስጡ ሌሎቹ የማይሰጡትን ሀብት ይዟል። ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በዚህ አገር ይኖሩ የነበሩ የዳይኖሰሮች ጥርስና የሌሎች እንስሳት ቅሪት የተገኘው ከዚሁ ቀይ ድንጋይ ውስጥ ነው። ጉዳዩ የምሁራን ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በየበጋው እርከን የሚሠራው፣ ቦረቦር የሚደፍነው፣ የመንደር መንገድ የሚቆርጠውና ከብት ይዞ በዚያ ተዳፋት የሚውለው ገበሬው ነው። ቅሪቱን የማዳንም የማጥፋትም ዕድል በመጀመሪያ የሚገጥመው እሱን ነው። ይህ ጽሑፍ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች የቀረበውም ለዚሁ ነው።

የድንጋዩ ንብብር እንዴት ተሠራ?

በሞሰብ ውስጥ ከተደራረበው እንጀራ መጀመሪያ የተጋገረው ከሥር እንደሚሆን ሁሉ፣ በሸለቆው ውስጥም ታችኛው ድንጋይ ቀዳሚው፣ ላይኛው ደግሞ የኋለኛው ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ እንደ መጽሐፍ ሊያነበው ይችላል። መንገዱ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ የእያንዳንዱን ዘመን ድንጋይ በተራ ያሳያል።

በታች ያለው የአሸዋ ድንጋይ ጥንታውያን ወንዞች ያመጡት አሸዋ ተጠራቅሞና ጠንክሮ የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ባሕር ቀስ በቀስ ወደ ምድሩ ገባ። ጥልቀት በሌለው የባሕር ዳርቻ ውኃው በፀሐይ እየተነነ ጀሶውን አስቀረ። ባሕሩ ይበልጥ ሲሰፋና ሲጠልቅ የባሕር እንስሳት ዛጎልና የኖራ ዝቃጭ ተከማችቶ ነጩን የኖራ ድንጋይ ሠራ። ዛሬ በኖራው ድንጋይ ውስጥ የዛጎል ቅርጽ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ኋላም ባሕሩ መሸሽ ጀመረ። ባሕሩ የለቀቀው ሜዳ ለጥ ያለ ስለ ነበር ወንዞች እየተጠማዘዙ ይፈሱበት፣ በሙላት ጊዜም ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ያለብሱት ነበር። የዚህ ጭቃ ክምር ነው ጠንክሮ የሙገር ቀይ ድንጋይ የሆነው። ቅላቱ የመጣው በውስጡ ያለው ብረት አየር አግኝቶ ከመዛጉ ነው፤ ደጅ የተጣለ ማረሻ እንደሚቀላ ማለት ነው። የድንጋዩ ውፍረት ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል።

ከጭቃው በኋላ ኃይለኛ ወንዞች አሸዋ አምጥተው ከላዩ ከመሩበት። ይህ ላይኛው የአሸዋ ድንጋይ ከደብረ ሊባኖስ ስሙን አግኝቷል። በመጨረሻም ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከመሬት ውስጥ የወጣ እሳተ ገሞራ ቀልጦ እየፈሰሰ ሁሉንም ሸፈነው። ዛሬ በደጋው ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር ከዚሁ እሳተ ገሞራ ድንጋይ መፍረስ የተገኘ ነው። ቀጥሎ ምድሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ዓባይና ገባሮቹ ንብብሩን ሰንጥቀው ወረዱና የተቀበረውን ለዓይን አጋለጡት።

ይህን ቅደም ተከተል ፈልጎ በማደራጀት ረገድ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። የሥነ ምድር ምሁሩ ጌታነህ አሰፋ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት ጀሶ ያለበትን ክፍል ከጎሐ ጽዮን ከተማ ስም ሰጥተው አስተዋውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከኖራው ድንጋይ በላይ ያሉትን የሙገርና የደብረ ሊባኖስ ክፍሎች ተንትነዋል። የገበሬው ወንዝና ደብር ስም በዓለም የሥነ ምድር መጻሕፍት ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ከቀዩ ድንጋይ ምን ተገኘ?

ከሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ የየብስና የወንዝ እንስሳት ቅሪት መኖሩን በሰፊው ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ነው። የጥናቱ መሪ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቅሪተ አካል ሙዚየም ባልደረባ ማርክ ጉድዊን ነበሩ። ቡድኑ በሰሜን ምዕራቡ ደጋ፣ በጀማ ወንዝ ሸለቆ አካባቢ ከተጋለጠው ድንጋይ የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞ ወገንና የዳይኖሰር ቅሪት ለቅሟል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዊልያም ክሌመንስና ባልደረቦቻቸው ከዚሁ ድንጋይ የተገኘ የአንድ ትንሽ እንስሳ ቅሪት ገለጹ። እንስሳው ላምና በግ፣ ፈረስና አህያ፣ ሰውም ጭምር ከሚመደቡበት ከአጥቢዎች ወገን ነው። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው የጁራሲክ ዘመን አጥቢ እንስሳ ይህ ነው። የጁራሲክ ዘመን የሚባለው ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ያን ጊዜ አጥቢዎች ገና ትንንሾች ነበሩ፤ ምድሩን የያዙት ዳይኖሰሮች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሊ ሆልና ማርክ ጉድዊን የዳይኖሰሮቹን ጥርሶች ለይተው የሚያሳይ ጥናት አወጡ። በዚህም ሥጋ በልና ቅጠል በል የሆኑ የተለያዩ ዳይኖሰሮች በአንድነት ይኖሩ እንደ ነበር ታወቀ። ቅጠል በል መባላቸውም በአጋጣሚ አይደለም። በዚያ ዘመን ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሚመደቡበት የሣር ወገን ገና በምድር ላይ አልነበረም። መሬቱን የሸፈኑት የጥድ ወገን ዛፎች፣ ፈርኖችና የመሳሰሉት ዕፅዋት ነበሩ።

ከአጥንት ይልቅ ጥርስ የበዛው ለምንድን ነው ቢባል ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ጥርስ ከአጥንት ይልቅ ጠንካራ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዳይኖሰር ዕድሜውን ሙሉ ጥርሱን እየጣለ ሌላ ያበቅል ስለ ነበር፣ አንድ እንስሳ ብቻውን ብዙ ጥርስ በወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ጥሎ ያልፋል።

የዘመኑን ርቀት ለመገመት ድንቅነሽን ማስታወስ ይበቃል። በአፋር ሐዳር በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። የሙገር ቅሪቶች ግን ከእሷ 45 ጊዜ እጥፍ የሚበልጥ ዕድሜ አላቸው። ዳይኖሰሮች ከምድር የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ የሙገሮቹ የኖሩት ከዚያም 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቀድሞ ነበር።

ቦታው ያልታወቀ አጥንት አይናገርም

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አንድ ጥርስ 145 ሚሊዮን ዓመት እንዳስቆጠረ በምን ይታወቃል? መልሱ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ የሆነው ነጥብ ነው።

ዕድሜው የታወቀው ከጥርሱ ሳይሆን ጥርሱ ከተቀበረበት ድንጋይ ነው። ዕፅዋት የሚያመነጩት የአበባ ብናኝና ዘረ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ቢሆንም በጭቃ ውስጥ ሳይበሰብስ ለሚሊዮን ዓመታት ይቆያል። የእያንዳንዱ ዘመን ዕፅዋት የየራሳቸው ብናኝ አላቸው። አጥኚዎቹ ቅሪቶቹ ከተገኙበት ክፍል የድንጋይ ናሙና ወስደው፣ በማጉያ መሣሪያ ብናኙን መርምረው ዘመኑን ለዩ። የ1999ኙ ጥናት ዋጋም ቅሪተ አካሉንና ብናኙን አንድ ላይ ማቅረቡ ነው።

ስለዚህ አንድ እረኛ የሚያብረቀርቅ ጥርስ አንሥቶ በኪሱ ይዞ ቢሄድና ከወር በኋላ ለመምህሩ ቢሰጥ፣ ጥርሱ በእጅ ቢኖርም ግማሽ ዕውቀቱ ጠፍቷል። ከየትኛው ተዳፋት? ከየትኛው ቀይ ድርብ? ከአሸዋው ድንጋይ በላይ ወይስ በታች? እነዚህ ካልታወቁ ዕድሜውን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ገበሬ ስለ ዘር እንደሚያውቀው ነው፤ ከየትኛው ማሳ እንደ ተሰበሰበ ያልታወቀ ዘር በዓይን ያማረ ቢሆንም ለምርጥ ዘርነት አይታመንም።

ሌላም ችግር አለ። ቀዩ ድንጋይ ለስላሳ በመሆኑ ጎርፍ በየክረምቱ አዲስ ገጽ ያጋልጣል። በሐምሌ የታየ ጥርስ በሚቀጥለው ሐምሌ ወደ ጀማ ወርዶ ከዚያም በዓባይ ተጠርጎ ሊሄድ ይችላል። አጥኚዎች የሚመጡት በብዙ ጊዜ አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ሳምንታት ነው። በዚያ ተዳፋት ክረምት ከበጋ የሚመላለሰው የአካባቢው ገበሬና እረኛ ነው። እንግዲህ ጥበቃው በእነዚህ ዓይኖች ላይ ካልተመሠረተ በሌላ በምንም አይሆንም።

ከተንዳጉሩ የሚገኝ ትምህርት

ገበሬ ያወጣው፣ ገበሬም የተሸከመው የዳይኖሰር አጥንት በአፍሪካ ምን ታሪክ እንዳለው ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል። በደቡብ ምሥራቅ ታንዛኒያ፣ ከሊንዲ ወደብ በስተ ሰሜን ምዕራብ ተንዳጉሩ የሚባል ኮረብታ አለ። የአካባቢው ድንጋይ ከሙገር ጋር ተቀራራቢ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ እንደ ሙገርም በባሕር ዳርቻ አጠገብ የተከማቸ ነው።

ያን ጊዜ አገሩ በጀርመን ቅኝ ግዛት ሥር ነበር። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1907 በተደረገው የማጂ ማጂ ጦርነትና ጦርነቱ ባስከተለው ረሃብ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 የአንድ ማዕድን ፈላጊ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ዛትለር ስለ አጥንቶቹ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 ድረስም የበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በቬርነር ያነንሽ መሪነት ታላቅ ቁፋሮ አካሄደ።

ዶማና አካፋ የያዙት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። በአንዳንድ ዓመታት ቁጥራቸው እስከ 500 ደርሷል። በመካከላቸው ቦሄቲ ቢን አምራኒ የሚባል የቁፋሮ አለቃ ነበረ፤ አጥንት ሳይሰበር የማውጣትን ሙያ የተካነ ሰው ነው። ከ200 ቶን በላይ የሚመዝን ቅሪተ አካል በሰው ጀርባና ትከሻ እየተጫነ፣ የአራት ቀን መንገድ ተጉዞ ሊንዲ ከደረሰ በኋላ በመርከብ ወደ ጀርመን ሄደ። ከዚሁ አጥንት የተገጣጠመውና ቁመቱ ከ13 ሜትር በላይ የሆነው ታላቅ ዳይኖሰር እ.ኤ.አ. በ1937 በበርሊን ሙዚየም ቆመ። የሙዚየሙ ዋነኛ መስሕብም ሆነ።

በቁፋሮው የተገኘው ዕውቀት ለዓለም ሁሉ ጠቅሟል፤ ይህ አይካድም። ይሁን እንጂ አጥንቱ የቆመው ከቆፋሪዎቹ ልጆች ርቆ ነው። በታንዛኒያም ቅሪቶቹ ይመለሱ ወይም አገሪቱ ከገቢው ድርሻ ታግኝ የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ተነሥቷል። ቦሄቲን በተመለከተ ከተንዳጉሩ አንዱ ዳይኖሰር በስሙ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር፤ ከቁፋሮው መቶ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አጥኚን ማባረር አይደለም። የሚፈለገው ሥራው በሕግ፣ በምዝገባና የአካባቢው ሕዝብ እያወቀው እንዲካሄድ ማድረግ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ የሚመለከተው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። አዋጁ ቅርስ ሲል የሰው እጅ ሥራን ብቻ ሳይሆን የተፈጥሮን የለውጥ ሂደት የሚመሰክሩ ነገሮችንም ይጨምራል። የዳይኖሰር ጥርስም ሆነ በድንጋይ ውስጥ ያለ የእንስሳ አጥንት በዚህ ውስጥ ይገባል።

በአዋጁ መሠረት ማንም ሰው ፈቃድ ሳይኖረው ቅርስ ለማግኘት ፍለጋም ሆነ ቁፋሮ ማካሄድ አይችልም። ቅርስን ለሳይንስ ጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን ካልሆነና የሚመለከተው ባለሥልጣን ካልፈቀደ በስተቀር ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው።

ገበሬውን በቀጥታ የሚመለከተው ግን ስለ ድንገተኛ ግኝት የተደነገገው ነው። መንገድ ሲቆርጥ፣ ቤት ሲሠራ፣ ማዕድን ሲፈልግ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማስታወቅ፣ ባለሥልጣኑ እስኪረከበውም ድረስ እንዳለ ጠብቆ ማቆየት አለበት። በድንገት አግኝቶ ላስረከበ ሰውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው አዋጁ ደንግጓል። እንግዲህ ጠቋሚው ገበሬ በሕጉ ፊት ግዴታ ብቻ ሳይሆን መብትም አለው። ይህ መብት የሚጠበቀው ግን ያገኘው ሰው ስምና ቀኑ በጽሑፍ ሲሰፍር ነው። ማኅበሩ መዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እንዴት ይለያል?

በመጀመሪያ ቦታውን መለየት ያሻል። ከነጩ የኖራ ድንጋይ በላይ፣ ገደል ሠርቶ ከቆመው የአሸዋ ድንጋይ በታች ያለው ቀይ፣ ወይን ጠጅና አልፎ አልፎ አረንጓዴ መልክ ያለው ለስላሳ ድንጋይ ዋናው ነው።

የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ እንደ ማጭድ ወደ ኋላ የጎበጠ፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ በደቃቁ የተቆራረጠ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥርስ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ላዩ ያብረቀርቃል። ድንጋይ የሆነ አጥንት ከተራ አጥንት ይከብዳል። በተሰበረበት በኩል ሲታይ ዳሩ ድፍን፣ ውስጡ ግን እንደ እንጀራ ዓይን በደቃቁ የተበሳሳ ነው። ከደጋው የተንከባለለ ጥቁር ድንጋይም ቀዳዳ ሊኖረው ስለሚችል እንዳያሳስት መጠንቀቅ ይገባል፤ የጥቁሩ ድንጋይ ቀዳዳ እኩል ያልሆነና የተበታተነ ነው፤ ድፍን ዳርም የለውም። በኖራው ድንጋይ ውስጥ የሚታየው ዛጎል የባሕር እንስሳ እንጂ የዳይኖሰር አይደለም። እሱም ቢሆን ቅሪተ አካል ነውና ያለ ምክንያት መሰበር የለበትም።

ብዙዎቹ ቅሪቶች ትንንሾች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። ግዙፍ አጥንት ብቻ የሚጠብቅ ሰው ዋናውን ረግጦት ያልፋል። አጥኚዎች በእንዲህ ያለ ቦታ አፈሩን በወንፊት አጥበው፣ የቀረውን ፍሬ በፍሬ የሚለቅሙት በዚህ ምክንያት ነው።

የማኅበር መሪዎች ምን ያድርጉ?

1ኛ. የእርከን፣ የመንገድና የቦረቦር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከልማት ሠራተኛው ጋር በተዳፋቱ ተዘዋውሮ ቀዩ ድንጋይ የተጋለጠበትን ቦታ መለየትና በሥራ ዕቅዱ ላይ ምልክት ማድረግ። በዚያ ቦታ የሚሠራው ቡድን ዓይኑን ከፍቶ እንዲሠራ አስቀድሞ ማስረዳት።

2ኛ. አጥንት ወይም ጥርስ የመሰለ ነገር ሲታይ በዚያች ቦታ ዶማውን ማቆም። ሥራው ሁሉ መቆም የለበትም፤ ቡድኑ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ መቀጠል ይችላል።

3ኛ. የተገኘውን አለመንቀል፣ አለመስበር፣ አለማጠብ። አጠገቡ ድንጋይ ከምሮ ምልክት ማድረግ። ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ በልል አፈር ሸፍኖ ጎርፉን በትንሽ ቦይ ወደ ጎን ማስቀየስ።

4ኛ. ቅሪቱ ቀድሞ ከቦታው ተነቅሎ ከተገኘ በዙሪያው ካለው አፈር ጋር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥና የተነሣበትን ቦታ በትክክል መመዝገብ።

5ኛ. በማኅበሩ መዝገብ ላይ ያገኘውን ሰው ስም፣ ቀኑን፣ የተዳፋቱን ስምና ምስክሮችን አስፍሮ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ማስታወቅ። የደብዳቤውን ግልባጭ በማኅበሩ ማኅደር ማስቀረት።

6ኛ. ለጥናት የመጣ ሰው ሲኖር የፈቃድ ደብዳቤውን መጠየቅ። ፈቃድ ያለውን በመንገድ መሪና በቀን ሠራተኛ መርዳት፤ የወሰደውን የናሙና ዝርዝር ለወረዳው ማሳወቁን መከታተል። ፈቃድ የሌለውን፣ በተለይም ድንጋይ እገዛለሁ የሚለውን ነጋዴ፣ ለሕግ አካል ማመልከት።

7ኛ. ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋር ተነጋግሮ ለልጆች ትምህርት እንዲሰጥ ማድረግ። በተዳፋቱ ከሁሉ በላይ የሚውሉት እረኞች ናቸውና።

ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?

ይህ ጥያቄ በስብሰባ ላይ መነሣቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለ ማጋነን መሰጠት አለበት። የዳይኖሰር ጥርስ እህል አይሆንም። በሕግ ስለማይሸጥም ገንዘብ አያመጣም። ጥናት ሲካሄድ የሚገኘው የቀን ሥራም ለጥቂት ሰዎችና ለጥቂት ሳምንታት ነው። ነገ ጎብኚ ይጎርፋል፣ መንገድ ይሠራል ብሎ ተስፋ መስጠት ገበሬውን ማታለል ይሆናል።

ይሁን እንጂ ቀዩን ድንጋይ ማወቅ ለዕለት ኑሮም የሚሰጠው ጥቅም አለ። ከላይ ያለው የአሸዋ ድንጋይ የዝናብ ውኃን ያስገባል፤ ከሥሩ ያለው የጭቃ ድንጋይ ግን ውኃ አያሳልፍም። ስለሆነም ውኃው ሁለቱ በሚገናኙበት መሥመር ላይ ወደ ውጭ እየወጣ ምንጭ ይሆናል። ምንጭ ለማጎልበት የሚፈልግ ማኅበር ይህን መሥመር ተከትሎ ቢፈልግ ያዋጣዋል። በአንጻሩ ይኸው የጭቃ ድንጋይ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ በላዩ ያለውንም ይዞ ይንሸራተታል። በመሆኑም ቤት፣ ጎተራና ትምህርት ቤት በቀዩ ተዳፋት ላይ መሥራት ያሰጋል። ከላዩ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ማስቀየስና ተዳፋቱን ከልቅ ግጦሽ ጠብቆ በዛፍና በሣር መሸፈን ያስፈልጋል። ይህ ሥራ አፈሩንም በውስጡ ያለውንም ቅሪት በአንድነት ይጠብቃል።

ከዚህም ሌላ የአገር ታሪክ ጉዳይ አለ። ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚህ ምድር ምን ይኖር እንደ ነበር የሚመሰክር ሌላ መዝገብ የለም። ደብተሩ ቀዩ ድንጋይ ነው፤ አንዴ የተሰበረ ገጹም ተመልሶ አይጻፍም። እስካሁን የተነበቡት ገጾች ጥቂት ናቸው። የቀሩት በእያንዳንዱ ማኅበር ክልል፣ በእያንዳንዱ ቦረቦር ውስጥ ተከድነው አሉ።

በመሆኑም በሙገር፣ በጀማ፣ በወንጪትና በዓባይ ዳርቻ ያላችሁ የገበሬ ማኅበር መሪዎች በሚቀጥለው የበጋ ሥራ ዕቅድ ስብሰባችሁ ላይ ይህን ጉዳይ አንድ አጀንዳ አድርጋችሁ ልትወያዩበት ይገባል። ለዚህ የሚጠየቀው ወጪ አንድ መዝገብ፣ አንድ ኃላፊና የግማሽ ቀን ጉብኝት ብቻ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ሰው ዛሬውኑ ይመረጥ፤ እርከኑ ከመጀመሩ በፊትም ቀዩን ተዳፋት በእግሩ ይዙረው።